«ከየት መጣህ?» ብሎ የመጠየቅ ታሪክ

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ዶክተር፣ ዘንድሮ አንቺም አንድ ጽሑፍ ስጪን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም እንደምጽፍ ጠብቀው እንደነበር አልጠፋኝም። ስለ ጨው የምሰጠውን ምክር ግን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ይዛችሁታል። ስለዚህ ዘንድሮ እረፍት ልስጣችሁና ስለ ራውተር ልጻፍ። «ሐኪም ስለ ራውተር ምን አገባት?» የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅና የሲቲ ምስል፣ የሪፈራል መልእክት ዛሬ የሚጓዘው በራውተሮች ላይ ነው። መንገዱ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው በሽተኛው ነው።

ስለ ኢንተርኔት በሙሉ አልጽፍም። አንድ ጠባብ ነገር መርጫለሁ፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች መሐንዲሶች «ሪዲስትሪቢውሽን» የሚሉትን። በቀላል አማርኛ፣ አንድ ራውተር በአንድ ፕሮቶኮል የሰማውን መንገድ በሌላ ፕሮቶኮል ለሚነጋገሩ ራውተሮች አሻግሮ ሲነግር ማለት ነው። የአስተርጓሚ ሥራ በሉት። የዚህ የትርጉም ሥራ ታሪክ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዳር እስከ ዳር ሳነበው አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ወሬው ሲሻገር ከየት እንደመጣ አብሮ ካልተሻገረ፣ ሁሉም እውነት እየተናገረ ውጤቱ ውሸት ይሆናል። (ዓ.ም. የሚል ካልጨመርኩበት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ቋንቋ ለምን አስፈለገ?

ታሪኩ የሚጀምረው እንደ ሕክምና ሁሉ ከአንድ የሬሳ ምርመራ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1973 ዓ.ም. (ኦክቶበር 27 ቀን 1980) የኢንተርኔት እናት የሆነው የአሜሪካው አርፓኔት ለሰዓታት ቆመ። በዚያ ኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ ማሽን ስለ መስመሮቹ ሁኔታ ለሌሎቹ መልእክት ይልካል። አዲሱን ከአሮጌው ለመለየት መልእክቱ ላይ ተራ ቁጥር አለ። በሃርድዌር ጉድለት ጥቂት ቢቶች ወደቁና ከአንድ ማሽን የመጡ፣ ቁጥራቸው የተለያየ ሦስት መልእክቶች በአንድ ጊዜ መዞር ጀመሩ። ቁጥሩ መጨረሻው ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ስለነበር፣ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ ከአንደኛው «አዲስ» ሆኖ ተገኘ። ማሽኖቹ አንዱን ጥለው ሌላውን እየተቀበሉ ያንኑ ሲያሰራጩ ሌላ ሥራ መሥራት አቃታቸው።

ኤሪክ ሮዘን የተባለ መሐንዲስ በ1981 የዚህን ውድቀት ታሪክ ደረጃ በደረጃ ጽፎ ማንም እንዲያነበው አወጣው። ሐኪሞች ጽሑፉን ብታዩት ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ምልክቱ ምን ነበር፣ መጀመሪያ ምን ተጠረጠረ፣ በመጨረሻ ምን ተገኘ ብሎ ነው የሚሄደው። ሮዘን ያን ጽፎ አላበቃም። በ1982 ኔትወርኩ በአንድ አስተዳደር ሥር ሊቀጥል የማይችል ያህል ማደጉን ገልጾ፣ «ኦቶኖመስ ሲስተም» ወደሚባሉ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ክፍሎች እንዲከፈልና በክፍሎቹ መካከል የሚነገር የተለየ ፕሮቶኮል እንዲኖር የሚያደርገውን ሰነድ አወጣ። አንዱ ቤት ሲታመም ሌላው ቤት አብሮ እንዳይወድቅ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው ሁለት ዓይነት ሆነ። በቤት ውስጥ የሚነገረው አንድ ነው፣ ከጎረቤት ጋር የሚነገረው ሌላ። ከቤት ውስጥ ቋንቋዎች አንዱ ሪፕ ነው። በ1988 በሰነድ የሰፈረው ሪፕ የሚያውቀው እርምጃ መቁጠር ብቻ ነው። እስከ 15 ይቆጥራል፣ 16 ከደረሰ «አይደረስበትም» ይላል። ሌላው ኦኤስፒኤፍ በ1989 የመጀመሪያ ሰነዱ የወጣ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ራውተር የአካባቢውን ካርታ ይዞ አጭሩን መንገድ ራሱ እንዲያሰላ ያደርጋል።

ከጎረቤት ጋር የሚነገረው ቋንቋ ዛሬ ቢጂፒ ይባላል። የልደቱ ታሪክ ያስቃል። በጃንዋሪ 1989 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ በተደረገ የመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ የሲስኮው ከርክ ሎሄድና የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተር ምሳ ላይ ተቀምጠው ሐሳቡን በገበታ ሶፍት ላይ ጻፉት። በሰኔ ወር ሰነዱ ወጣ። የሶፍቱ ላይ ሐሳብ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መንገድ ያለፈባቸውን ቤቶች ቁጥር በተራ ይዞ ይጓዝ። አንድ ቤት በዝርዝሩ ላይ የራሱን ቁጥር ካየ «ይሄ ከእኔው የወጣ ወሬ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ቢጂፒ ሲወለድ ጀምሮ «ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ሁሉም ቋንቋ ይህን ጥያቄ አለማወቁ ነው።

ሲተረጎም የሚጠፋው

በድንበር ላይ የቆመ ራውተር ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር ሦስት ነገር ይጠፋበታል።

አንደኛው ርቀት ነው። ሪፕ «3 እርምጃ ይርቃል» ቢል ለኦኤስፒኤፍ ይህ 3 ምንም ማለት አይደለም፤ መለኪያቸው አይገናኝም። ስለዚህ አስተርጓሚው የቀድሞውን ርቀት ጥሎ መሐንዲሱ የወሰነለትን መነሻ ቁጥር ይለጥፋል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ መሐንዲሱ ዝም ካለ ከሪፕ ወደ ኦኤስፒኤፍ የገባ መንገድ 20 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። ሩቁም 20፣ ቅርቡም 20። የሁሉም በሽተኛ ሙቀት 37 ተብሎ ከተመዘገበ ካርዱ ምን ይነግረናል?

ሁለተኛው ታሪክ ነው። በቢጂፒ ውስጥ ያለፈባቸውን ቤቶች ሁሉ ተሸክሞ የመጣ መንገድ ወደ ሪፕ ሲገባ ዝርዝሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም። ከዚያ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ቢጂፒ ቢገባ እንደ አዲስ የተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። አስተርጓሚው ቤትም ወላጁ ይመስላል።

ሦስተኛው እምነት ነው። አንድ ራውተር ስለ አንድ ቦታ ከሁለት ፕሮቶኮል ቢሰማ ማንን ያምናል? ለዚህ አምራቾቹ የእምነት ደረጃ አውጥተዋል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ከውጭ ጎረቤት የተሰማ ቢጂፒ 20፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120፣ በቤት ውስጥ የተሰማ ቢጂፒ 200 ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይታመናል። ቁጥሮቹ ጥሩ ግምት ናቸው። ነገር ግን የሚመዝኑት ማን እንደተናገረ ብቻ ነው፤ ወሬው መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ አያዩም።

አሁን ሁለት አስተርጓሚ እናቁም፣ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። በአንድ ወገን ሪፕ፣ በሌላው ኦኤስፒኤፍ ይነገራል። ሁለት የቆሙት አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። በሪፕ ወገን አንድ ክሊኒክ አለ እንበል። «ሀ» የክሊኒኩን መንገድ በሪፕ ሰምቶ ለኦኤስፒኤፍ ወገን ይነግራል። «ለ» ደግሞ ይህንኑ ክሊኒክ ራሱ በሪፕ ሰምቷል፤ ነገር ግን አሁን በኦኤስፒኤፍም ሰማ። 110 ከ120 ያንሳልና የራሱን ቀጥተኛ እውቀት ትቶ የ«ሀ»ን ወሬ ያምናል። በዚህ ቢያበቃ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ይደርሳል። ግን «ለ» በኦኤስፒኤፍ የሰማውን ሁሉ ለሪፕ ወገን እንዲነግር ታዝዟል። ስለዚህ «የክሊኒኩን መንገድ እኔ አውቃለሁ፣ ቅርብ ነው» ብሎ ክሊኒኩ ራሱ ላለበት ወገን ይነግራል። የሪፕ ጎረቤቶችም ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ያምኑታል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ወደ ክሊኒኩ የሚሄደው መልእክት ወደ «ለ» ይሄዳል፣ «ለ» ወደ «ሀ» ይልከዋል፣ «ሀ» ወደ ሪፕ ወገን ይመልሰዋል፣ ከዚያ እንደገና ወደ «ለ»። መልእክቱ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር በየራውተሩ አንድ አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲገባ በመንገድ ላይ ይሞታል።

ልብ በሉ፣ በዚህ ዙሪያ ውስጥ ማንም አልዋሸም። ማንም አልተበላሸም። እያንዳንዱ ራውተር ለየብቻ ቢመረመር ጤነኛ ነው።

የ1989 ዓ.ም. ስቅለት

ይህ በወረቀት ላይ ያለ እንቆቅልሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። ሚያዝያ 17 ቀን 1989 ዓ.ም. (ኤፕሪል 25 ቀን 1997)፣ ዓርብ። በአገራችን ስቅለት ነበር። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ገና ወራት ብቻ ሆኖታል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስግደት ተጠናቆ ሕዝቡ ወደየቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው።

በዚያ ሰዓት የቤት ቁጥሩ 7007 የሆነ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ አገልግሎት ሰጪ ከደንበኛው 23,000 ያህል መንገዶች ደረሱት። የሚያጣራ ፊልተር አልነበረም። ራውተሩ እነዚህን መንገዶች 256 አድራሻ ወደያዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች በተናቸውና «የእነዚህ ሁሉ ባለቤት እኔ ነኝ» ብሎ ወደ ትልቁ ጎረቤቱ፣ ወደ ስፕሪንት አስተላለፋቸው። ከስፕሪንት ወደ ሌሎች፣ ከሌሎች ወደ ዓለም።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ራውተር ስለ አንድ አድራሻ ሁለት መንገድ ካለው ጠበብ ብሎ የተጻፈውን ይመርጣል። «ጎንደር በዚህ በኩል ነው» ከሚለው ይልቅ «ጎንደር፣ አዘዞ፣ ይሄ ሰፈር በዚህ በኩል ነው» የሚለው ይታመናል። ስለዚህ የ7007 ቁርጥራጮች የእውነተኞቹን ባለቤቶች ሰፋፊ ማስታወቂያዎች አሸነፉ። የብዙ የዓለም ክፍል ትራፊክ ያን ሁሉ ሊሸከም ወደማይችል አንድ ራውተር ጎረፈ።

መንገዶቹ ለምን ተቆራረጡ? ለምንስ ያለፉባቸውን ቤቶች ዝርዝር አጡ? ብዙ መሐንዲሶች የተቀበሉት ማብራሪያ ከላይ ያየነው ነው፤ በቢጂፒ የመጡ መንገዶች ወደ አንድ የቤት ውስጥ ፕሮቶኮል ገብተው ተመልሰው ወደ ቢጂፒ ሲወጡ የሚታየው ምልክት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሪፕ የአድራሻ ክልሉን ስፋት የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም፤ ስፋቱን ከአድራሻው ቅርጽ ይገምት ነበር። በ1993 ግን ኢንተርኔት ሰፋፊ ክልሎችን ጠቅልሎ በአንድ መስመር የመጻፍ ስልት ጀምሮ ነበር። አዲሱን አጻጻፍ ለማያውቅ አስተርጓሚ ሲሰጡት በሚያውቀው በአሮጌው ልክ ይቆርጠዋል።

መሐንዲሶቹ ራውተሩን ከኔትወርኩ ለዩት፣ ጭራሽ ከኤሌክትሪክም ነቀሉት። ወሬው ግን አልቆመም። ምንጩ ከጠፋ በኋላም የሐሰት መንገዶቹ በሌሎች ራውተሮች መካከል ለሰዓታት ሲዞሩ ቆዩ። በማግስቱ የድርጅቱ ኃላፊ በሰዓት በሰዓት የሆነውን ዘርዝሮ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለሙያ ባልደረቦቹ በይፋ ጻፈ። ያንን ክስተት ዛሬም በዝርዝር የምናውቀው እንዲህ ዓይነት ጽሑፎች ስለተጻፉ ነው።

የሚያስቆጨው መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ 1993፣ ቢጂፒና ኦኤስፒኤፍ ሲገናኙ የመንገዱ መነሻ እንዴት አብሮ እንደሚሻገር የሚገልጽ ሰነድ ወጥቶ ነበር። ከውጭ የገባ መንገድ ላይ «ታግ» የምትባል 32 ቢት ምልክት ትለጠፋለች፤ ሕፃን ሲወለድ እጁ ላይ እንደምናስረው መለያ ማለት ነው። በዚያው ወር የወጣው ሁለተኛው ሪፕም የታግ ቦታና የክልሉን ስፋት የሚጽፍበት ቦታ አግኝቶ ነበር። መለያው መኖሩና መለያው መታሰሩ ግን ሁለት ነገር ነው። ይህን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል።

አንዲት ቢት

ታሪኩ ወደ እኛ የሆስፒታል ሕይወት የሚቀርበው ከ1999 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ሁለት ሰዎች፣ የሬሳ ምርመራውን የጻፈው ሮዘንና ሶፍት ላይ የጻፈው ሬክተር፣ አብረው አንድ ሰነድ አወጡ። አንድ አገልግሎት ሰጪ በአንድ ኔትወርክ ላይ ለብዙ ደንበኞች ለየብቻቸው የተከለለ የግል ኔትወርክ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያሳይ ነው። ባንክ ቅርንጫፎቹን፣ ሆስፒታል ክሊኒኮቹን የሚያገናኝበት አገልግሎት ብዙ ቦታ በዚህ ላይ ቆሟል።

በዚህ አሠራር ሪዲስትሪቢውሽን የዕለት ሥራ ሆነ። የሆስፒታሉ ራውተር በኦኤስፒኤፍ ይናገራል። የአገልግሎት ሰጪው ራውተር ሰምቶ ወደ ቢጂፒ ያሻግራል። በሌላኛው ከተማ ደግሞ ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ ይመልሰዋል። ደንበኛው ለመጠባበቂያ ብሎ ሁለት መስመር ካስገባ «ሀ» እና «ለ» እንደገና ቆሙ ማለት ነው። ስለዚህ በ2006 አንዲት ቢት ተጨመረች፤ ስሟ «ዲኤን ቢት» ነው። አገልግሎት ሰጪው ወደ ደንበኛው የሚያወርደው መንገድ ላይ ይህችን ቢት 1 ያደርጋታል። ትርጉሟ «ይህ መንገድ ከላይ የወረደ ነው፣ ተመልሶ ወደ ላይ አይወጣም» ማለት ነው። ከሰነዱ ደራሲዎች መካከል ሮዘን አሁንም አለ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የሃያ አምስት ዓመት ልምድ በአንዲት ቢት ተጠቀለለ።

ቢቷም ብትሆን ግን አንድ ደካማ ጎን አላት። የምትኖረው በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ብቻ ነው። በአንድ ወቅት ያገለገልኩበት ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ ሲጨምር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የሩቁ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ውጤት ለጥቂት ደቂቃ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ነርሶቹ ውጤቱን በስልክ እያስነበቡ በእጅ መጻፍ ጀመሩ። በስልክ ቁጥር ሲነበብ 3.1 የነበረ ፖታሲየም 5.1 ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል ለሐኪሞች አልነግርም፤ ዝቅ ያለውን ከፍ እንዳለ አድርጎ ማከም ልብ ያስቆማል። መስመሩ ተፈተሸ፣ ደህና ነው። ሰርቨሩ ተፈተሸ፣ ደህና ነው። ሁሉም «በእኔ በኩል ችግር የለም» አለ፤ ሁሉም እውነቱን ነበር።

በመጨረሻ የተጠራው መሐንዲስ የዚሁ ግቢያችን ልጅ ነው። ማሽኖቹን አጥፍቶ ማብራት አልፈለገም። የመንገዶቹን ሰንጠረዥ ከፍቶ ወደ ክሊኒኩ የሚወስደውን መስመር አሳየኝና «ዶክተር፣ ዕድሜውን እይው» አለኝ። ጤነኛ መንገድ ዕድሜው ቀናትና ሳምንታት ይቆጥራል። የዚህኛው 40 ሰከንድ ነበር። ትንሽ ቆይተን ስናየው እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። የልብ ምቱ የተዛባ በሽተኛ ሞኒተር ላይ ያየሁ መሰለኝ።

ያገኘው ይህ ነው። በአዲሱ ሕንፃ መግቢያ የተተከለ አንድ መሣሪያ መንገዶቹን ከኦኤስፒኤፍ አውጥቶ ወደ ሌላ ፕሮቶኮል ያስገባል፣ በሌላኛው ወገን ደግሞ ወደ ኦኤስፒኤፍ ይመልሳል። በዚህ መሐል ዲኤን ቢቷ ተገፈፈች። የአገልግሎት ሰጪው ሁለተኛ ራውተር መንገዱን ሲያየው ከላይ የወረደ መሆኑን የሚነግረው ነገር የለም። በቢጂፒ የሰማው እውነተኛው 200፣ በኦኤስፒኤፍ የተመለሰው ማሚቶ 110። ማሚቶውን አመነ። ፈውሱ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነበር፤ ሲያሻግር ታግ ለጥፍ፣ ታግ ያለበትን አትመልስ። ማታውኑ ውጤቶቹ ያለማቋረጥ መምጣት ጀመሩ፣ የስልክ ንባቡም ቆመ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚያ ወዲህ ከዚሁ ሰውና ከሌሎች መሐንዲስ ጓደኞቻችን ስሰማ የኖርኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ከእኛ የሕመም ታሪክ አወሳሰድ ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

መጀመሪያ መረጃ ይሰበሰባል እንጂ ሪስታርት አይደረግም። ሪስታርት ምልክቱን ለአንድ ሰዓት ያስታግስና ማስረጃውን ያጠፋል፤ ምርመራ ሳይላክ እንደሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ቀጥሎ የተጎዳው መንገድ ይያዝና አራት ጥያቄ ይጠየቃል። በየትኛው ፕሮቶኮል ሰማኸው? ማን ነገረህ? ዕድሜው ስንት ነው? ታግ አለው? ይኸው ጥያቄ በየራውተሩ እየተደገመ እውነተኛው ባለቤት ድረስ ይኬዳል። ዙሪያ ካለ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ሀ» «ለ ነገረኝ» ይላል፣ «ለ» ደግሞ «ሀ ነገረኝ»።

ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ከሁለቱ አቅጣጫ የአንደኛው ማሻገር ይቆምና ይታያል። ዙሪያው ከተበጠሰ ቦታው ታወቀ። ዘላቂው ሕክምና ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ታግ፣ የሚሻገሩትን መንገዶች በስም የሚዘረዝር ፊልተር፣ ከጎረቤት የሚመጣው የመንገድ ብዛት ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ግንኙነቱን የሚዘጋ ገደብ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለማሻገር ነው። ልምድ ያላቸው አገልግሎት ሰጪዎች የኢንተርኔትን ሙሉ ሰንጠረዥ ከቢጂፒ ወደ ቤት ውስጥ ፕሮቶኮል በፍጹም አያስገቡም። የቤት ውስጡ የራሳቸውን ራውተሮች አድራሻ ብቻ ይሸከማል፣ የደንበኛው ሁሉ በቢጂፒ ይቀራል።

እንቢ ማለትን መማር

ታሪኩ በቴክኒክ ብቻ አልቀጠለም፤ ልማድም መለወጥ ነበረበት። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008) የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት 256 አድራሻ የያዘ ጠባብ መንገድ አስነገረ። የውስጥ ትእዛዙ ድንበር ተሻግሮ በአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጎረቤት በኩል ወጣ። ዩቲዩብ በወቅቱ የሚያስነግረው 1,024 አድራሻ የያዘ ሰፋ ያለ መንገድ ነበር፤ ጠባቡ አሸነፈ። ለሁለት ሰዓት ያህል ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ተዘጋ። ዩቲዩብ መልስ የሰጠው ከዚያም የጠበቡ 128 አድራሻ የያዙ መንገዶችን በማስነገር ነው። ለቤት ውስጥ የተባለ ነገር አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ዓለም ያየው ያን ዕለት ነው።

በ2017 ደግሞ አጭር ግን ትልቅ ሕግ ወጣ፤ መሐንዲሱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚናገር በግልጽ ካልጻፈ በቀር የቢጂፒ ራውተር ከውጭ ጎረቤቱ ምንም አይቀበል፣ ምንም አይናገር። ከ7007 ሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቀድሞ ዝምታ «ሁሉንም አሳልፍ» ነበር፤ አሁን ዝምታ «ምንም አታሳልፍ» ሆነ።

በሕክምናም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2014 በሰሜን አሜሪካ በ9 የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ተረኛ ሐኪሞች በሽተኛ ሲረካከቡ የርክክቡን ቅርጽ አንድ ወጥ ሲያደርጉ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት በ30 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ አዲስ ማሽን አልተገዛም። የተለወጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምን አብሮ መሻገር እንዳለበት ብቻ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው የአባቶች ምክር ለራውተርም ለተረኛ ሐኪምም ይሠራል።

ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እኛ ግቢ ስንገባ በአገሪቱ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ጀምሯል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ይገናኛሉ፣ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዞሩ ነው። ቤቶቹ በበዙ ቁጥር ድንበሩ ይበዛል፣ ድንበሩ በበዛ ቁጥር አስተርጓሚው ይበዛል።

ስለዚህ በሥራ ላይ ላላችሁ መምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በሕክምና ትምህርት ቤት አንድ በሽተኛ ሲሞትብን ወይም ሲጎዳብን የምንሰበሰብበት ጉባኤ አለን። ማን አጠፋ አንልም፤ ምን ሆነ፣ የት ላይ ጠፋ እንላለን። የምህንድስናና የኮምፒውተር ክፍሎቻችን ተማሪዎች ሮዘን በ1981 እንደጻፈው ያለ አንድ የውድቀት ታሪክ ሳይጽፉ ባይመረቁ እወዳለሁ፤ ከራሳቸው ግቢ፣ ከራሳቸው ልምምድ ቦታ፣ የድርጅት ስም ሳይጠሩ። ጉዳዩ የሆስፒታል ኔትወርክ ከሆነ ደግሞ እኛን ሐኪሞቹን ጥሩን። ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ የመንገዱን ዕድሜ ማንበብ እናንተ ታስተምሩናላችሁ፣ መንገዱ ሲጠፋ አልጋው ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን እኛ እንነግራችኋለን።